የአዴ ሎኮ ጎርፋና የሙዚየሙ ጣራ

ቁልፍ ሊሰጣችሁ የሚመጣ ሰው ካያችሁ ሩጡ። ስድብ ቢሰጧችሁ ተቀበሉ፤ ስድብ ያልፋል። ምክር ቢሰጧችሁም ተቀበሉ፤ ምክርማ ከስድብም ቶሎ ይረሳል። ቁልፍ ግን አያልፍም። ቁልፍ በር አለው፣ በር ቤት አለው፣ ቤት ጣራ አለው፣ ጣራው ደግሞ ዕድላችሁ እንደኔ ከሆነ ቀዳዳ አለው። ይህን ትምህርት ያገኘሁት ነገሌ ቦረና፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሙዚየም የሚሉትን ነገር ተሸክሜ ስንገላታ ነው። ዛሬም ኪሴ ውስጥ ብረት ሲንኳኳ ስሰማ እደነግጣለሁ።

ያን ጊዜ መዝገብ ቤት ነበርኩ። ከመንዝ ተነሥቼ እዚያ ቆላ ድረስ የወረድኩት ደብዳቤ ለመቀበል፣ ቁጥር ለመስጠትና ፋይል ውስጥ ለመክተት ነው። በዚህ ሥራ ማንም ሰው ሞቶ አያውቅም፤ እኔም የመሞት አሳብ አልነበረኝም። ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው መጡና ምሳቸውን በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ «ለመሆኑ በከተማችሁ የሚታይ ነገር ምን አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እርስ በርሳችን ተያየን። ያለን ነገር አቧራ፣ ግመልና ግራር ነበር፤ እሱን ደግሞ እንግዳው በመኪናቸው መስኮት እስኪሰለቻቸው አይተው ነው የመጡት። አለቃዬ ላብ በላብ ሆኑ። ያን ቀን ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበረበት! አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው፣ «የአገሩ ሰው የሚሠራውን ዕቃ ሰብስቦ ማሳየት ነበር» ብዬ ሹክ አልኩት። ሁሉም ዝም ባለበት ሰዓት ሹክ ማለት መጮህ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ አንድ የሹመት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ፤ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ ወደ ፋይሉ ልከተው ስል ስሜን አየሁት።

ቤቱ ጣሊያን ሲሄድ ጥሎት የሄደ መጋዘን ነበር። ጣሊያን የሚጠቅመውን አውቆ ይዞ ሄዷል፤ ይህን አውቆ ትቶልናል። ግድግዳውን ምስጥ ይዞታል፣ ጣራውን ዝገት ይዞታል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ የሌሊት ወፎች ይዘውታል። እኔ የያዝኩት ቁልፉን ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ለወጉ ነው እንጂ በሩን በትከሻ ገፋ ያደረገው ሁሉ ይገባል።

ዕቃ ማሰባሰብ ጀመርን። ለዙሪያው ለሊበን ባላገር፣ «ጦራችሁን፣ ጋሻችሁን አምጡ» ብለን ብናስነግር አንድ ሰው ዝር አላለም። እውነታቸውን ነው፤ ለመንግሥት ጦሩን በገዛ እጁ የሚያስረክብ ሰው የት ታይቶ ያውቃል? የመጡት ሴቶቹ ናቸው። የወተት ዕቃ፣ የቅቤ ዕቃ፣ ውሃ የሚቀዳበት ዕቃ ይዘው መጡ። ወንዶቹም አፍረው ኦኮሌ አመጡ፤ ኦኮሌ ኤላ ከሚሉት ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እየተቀባበሉ የሚያወጡበት የቆዳ ባልዲ ነው። በዚህ ዓይነት ሳናስበው የወተትና የውሃ ዕቃ ሙዚየም ሆንን። እንዲህ ያለ ሙዚየም በአገሪቱ ሌላ የለም ብለው አለቃዬ በየስብሰባው ይኮሩበት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ፤ እኛ ዕቃው ነበረን።

ካመጡት ሁሉ የማልረሳቸው አዴ ሎኮን ነው፤ አዴ እንደኛ «እማማ» ነው። አዴ ሎኮ ከገበያው ጀርባ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ወተት እየሸጡ አንዲት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ያመጡት ጎርፋ ነበር። ጎርፋ ከተክል ሥር በተፈተለ ክር እንደ ስፌት የሚሠራ የወተት ዕቃ ነው፤ እንዲህ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሰፋ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም፤ መርፌ አያስገባም። ከእናታቸው የወረሱት ነው። አንገቱ በዛጎል ተጊጧል፤ ውስጡ በጭስና በቅቤ ብዛት ጠቁሮ ያበራል።

«ናጋ፣ ልጄ» አሉኝ በሰላምታቸው፤ «ይኼን ለእንግዶች አሳይ። ልጄ ጡሜ ስታገባ ግን እወስደዋለሁ። ሙሽራ የእናቷን ዕቃ ይዛ ነው የምትሄደው።»

«ምን ችግር አለ፣ አዴ ሎኮ! የፈለጉ ቀን ይመጣሉ፣ ይወስዳሉ» አልኳቸው። ወረቀት ልሰጣቸው ቅጹን ባወጣው «ለዘለቄታው ተረክቤአለሁ» ይላል። «ለጊዜው» የሚል ቅጽ አልነበረንም። መንግሥት ለጊዜው የሚቀበለው ነገር እንደሌለ እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እና ምን ላድርግ? ቅጹን ሞላሁ፤ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ጎርፋው ቁጥር ሃያ ሦስት ሆነ።

አሁን ወደ ጣራው ልመለስ። ለበላይ መሥሪያ ቤት ቆርቆሮ እንዲላክልን ጻፍኩ። በሁለት ወሩ፣ «የቀዳዳዎቹ ብዛትና ስፋት በዝርዝር ተጠንቶ ይላክ» የሚል መልስ መጣ። ቀዳዳ የሚቆጠረው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። ስለዚህ በስድስት ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት፣ መሬቱ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ደብተሬን ሆዴ ላይ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። ዘበኛዬ ኦቦ ዋሪዮ ገብተው አዩኝ። ኦቦ ዋሪዮ በዱብሉቅ ኤላዎች ላይ ብዙ ዘመን ተራ ያስጠብቁ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ሲደክም ነው ለኔ ዘበኛ የሆኑልኝ።

«አንቱ ጸሐፊው፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ።

«ላኪ፣ አላመመኝም፤ ደህና ነኝ። ቀዳዳ እየቆጠርኩ ነው።»

ቀና ብለው ጣራውን አዩ። «እኛ ከብት እንኳ አንቆጥርም፤ ያልቃል ይባላል። ቀዳዳው ቢያልቅ ግን ጥሩ ነው። ይቁጠሩ፣ ይቁጠሩ» አሉና ወጡ።

አላለቀም። ሠላሳ አንድ ቀዳዳ ቆጥሬ ላክሁ። መልሱ፣ «ከቆጠራው በኋላ አዲስ ቀዳዳ ተፈጥሮ እንደሆነ ይገለጽ» የሚል ነበር። ተፈጥሯል ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ዝም አሉ። አንድ ቀን ከላይ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ደጄ ቆሞ፣ «ቆርቆሮ መጥቶልሃል!» ሲለኝ እውነቴን ነው፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን እስክስታ ወርጄ አላውቅም። ጠቅልለው የላኩትን ፈታሁት። የጠረጴዛ ያህል የሚሆን፣ ቀለም የተቀባ አንድ ቆርቆሮ ነበር፤ በትላልቁ «መንካት ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። ከሱ ጋር አንድ የመመሪያ መጽሐፍ አለ። ሾፌሩ ውሃ ጠጥቶ፣ ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎልኝ ሄደ።

መመሪያውን ሌሊቱን አንብቤ ጨረስኩ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም፤ አንድ ገጹን አንብቤ ተኛሁ። የአንዱ ገጽ ቁም ነገር ግን ይህ ነበር፤ የሙዚየም ዕቃ እሳት፣ ጭስና ቅባት በምንም ምክንያት እንዳይነካው። ጥሩ ነው፤ የተማረ ሰው ነው የጻፈው። እኔም ያነበብኩትን ለማክበር ቆርጬ ተነሣሁ። መማር ለካ ግማሹን ከሆነ አለመማር ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዴ ሎኮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። የሚጤስ እንጨት ፍም ላይ አድርገው ጎርፋውን ያጥናሉ፣ በቅቤ ያሹታል፣ ዛጎሉን ይጠርጉታል፣ መልሰው ቁጥር ሃያ ሦስት ላይ ያስቀምጡታል። እኔም በፊት ዝም እላቸው ነበር፤ እንዲያውም ጠረኑ ደስ ይለኝ ነበር። ከመመሪያው በኋላ ግን በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። እሳት፣ ጭስ፣ ቅባት፤ ሦስቱንም በእጃቸው ይዘው መጡ።

«አዴ ሎኮ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይቻልም» አልኳቸው፤ ግድግዳው ላይ ያለውንም ጽሑፍ አነበብኩላቸው።

«የኔ ዕቃ አይደለም እንዴ?»

«የመንግሥት ሆኗል፤ ማለቴ… በጥሩ ይያዝ ተብሎ ነው።»

አዴ ሎኮ ጽሑፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ጎርፋ ካልታጠነ፣ ቅቤ ካላየ ይጠማዋል። እንደ ሰው ነው፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል» አሉኝ።

«ሥልጣኔ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ይህን ቃል በምን አፌ እንደተናገርኩት ዛሬም አላውቅም። ፍማቸውን ይዘው ተመለሱ። ኦቦ ዋሪዮ ያን ቀን ሰላምታዬን በግማሽ አፋቸው ነው የመለሱልኝ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ምስጡ ከግድግዳው ወደ መደርደሪያው ወጣ። አንድ ወዳጄ ለወባ የሚረጨውን ዲዲቲ ከየትም ፈልጎ አመጣልኝ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ሁሉንም ረጨሁት፤ መደርደሪያውን፣ ዕቃዎቹን፣ ውስጣቸውንም ጭምር። ምስጡ ለሁለት ሳምንት ጠፋና ወፍሮ ተመለሰ።

እንዲህ እያልኩ ስኖር መጋቢት ላይ አዴ ሎኮ መጡ። ልብሳቸው አዲስ ነው፣ ፊታቸው ፈክቷል። «ጡሜ ልታገባ ነው። ልጁ የዱብሉቅ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። ሠርጉ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ነው። ዕቃዬን ልወስድ መጣሁ» አሉኝ። የሠርጉን ቀን በኛ በዓል የነገሩኝ እንዲገባኝ ብለው ነው፤ ይህ ደግነታቸው ይበልጥ አንገበገበኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ። ቁጥር ሃያ ሦስት፣ «ለዘለቄታው»። አንድ ዕቃ ከመዝገብ የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ከበላይ ፈቃድ ሲመጣ፣ ወይ ዕቃው ተበላሽቶ «ይወገድ» ሲባል። ጣራው የሠላሳ አንድ ቀዳዳ መልስ ሳያገኝ የአንድ ጎርፋ ፈቃድ እስኪመጣ ጡሜ የልጅ ልጅ ታያለች። ቢሆንም ጻፍኩ። ልመና ጻፍኩ፣ ማሳሰቢያ ጻፍኩ፣ ቴሌግራም ሰደድኩ። ለአዴ ሎኮ ግን እውነቱን ለመናገር ወኔ አጣሁ። «ትንሽ ይታገሱኝ፣ ይደርሳል» እላቸው ነበር። በየቀኑ እያለፉ፣ «ደረሰ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ። መጋዘኑ ጓሮ በር አልነበረውም፤ ምስጡ የከፈተው ነው።

ለቴሌግራሙ የመጣው መልስ ፈቃድ ሳይሆን ሰው ነበር። «ተቆጣጣሪ ስለሚመጡ ዕቃዎቹ በመዝገቡ መሠረት ተደርድረው ይጠብቁ» ይላል። ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። ተቆጣጣሪውን እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን ፈቃዱን አስፈርማቸዋለሁ ብዬ፣ ዕቃዎቹን በየቁጥራቸው ደርድሬ፣ ክራቫት አስሬ፣ ከከተማው መግቢያ ሄጄ ቆምኩ። ኦቦ ዋሪዮን፣ «አደራዎን፣ ዕቃዎቹ ምንም ነገር እንዳይሆኑ» ብያቸው ነው የሄድኩት።

ያን ቀን ጋና ገባ። ጋና የአገሩ ዋነኛ ዝናብ ነው፤ ሲዘገይ ሰው ሰማይ እያየ ይጸልያል፣ ሲመጣ ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ባንዴ ሊከፍል ነው የሚመጣው። የተቆጣጣሪው መኪና ጭቃ ውስጥ ገባች። ከአሥር ሰው ጋር ገፋኋት። ጎማዋ ስትዞር የሊበንን አፈር በሙሉ እኔ ክራቫት ላይ ጨረሰችው። ተቆጣጣሪው ባርኔጣ የደፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ፈገግታ የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ሁለታችንም ውሃ እየተንጠባጠብን ሙዚየሙ ደጃፍ ስንደርስ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ጣሳና እንስራ የያዙ ሴቶች ተሰልፈው አገኘን።

መደርደሪያው ባዶ ነበር። ዕቃዎቹ ሁሉ መሬት ላይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቀዳዳ ሥር ተቀምጧል። ኦኮሌው ይሞላል፣ የወተቱ ዕቃ ይሞላል፣ የቅቤው ዕቃ ይሞላል። ኦቦ ዋሪዮ ከመካከል በትራቸውን ተመርኩዘው ቆመው፣ ልክ እንደ ኤላው አፍ፣ «አንቺ ቅጂ፤ አንቺ ቆይ፤ ያቺ እርጉዝ ትቅደም» እያሉ ተራ ያስጠብቃሉ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«ይህ ሙዚየም ነው ወይስ የውሃ ቦታ?» አሉ ተቆጣጣሪው።

ኦቦ ዋሪዮ የእንግዳውን ባርኔጣ አይተው ጎንበስ አሉ። «ሁለቱም ነው፣ ጌታዬ። ጸሐፊው ዕቃዎቹ ምንም እንዳይሆኑ አሉኝ። ውሃ ሲወርድ ባዶ ዕቃ ቆሞ ካየ ነውር ነው። ዕቃዎቹ ዛሬ ገና ሥራ ያዙ።»

«አጠቃቀሙን ለማሳየት ነው» አልኩ፤ ድምፄን ራሴም አላመንኩትም። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ተቀብለው፣ ባርኔጣቸው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ፣ ዕቃዎቹን በየቁጥራቸው ማየት ጀመሩ። አንድ፣ ሞልቷል። ሁለት፣ ሞልቷል። ውሃ ያልጠጡ የቆዩ እንጨቶችና ቆዳዎች ረክተው ተነፋፍተዋል። ቁጥር ሃያ ሦስት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። የአዴ ሎኮ ጎርፋ ትልቁ ቀዳዳ ሥር ነበር፤ ውስጡ ግን ጠብታ የለም። ከሥሩ ተሰንጥቆ የገባው ሁሉ ይፈሳል። መርፌ የማያስገባው ዕቃ! እኔ ከእሳት፣ ከጭስና ከቅባት ጠብቄ፣ መድኃኒት ረጭቼ የያዝኩት እሱ ነበር፤ ከሁሉ ተለይቶ የሞተውም እሱ ነው።

ተቆጣጣሪው ብዕራቸውን አወጡ። «ከአገልግሎት ውጭ ነው፤ ይወገድ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙም። ልንገራችሁ አይደል፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ፈቃዱ ተገኘ! ጎርፋው ሊወጣ ነው! ደስታዬ ጎርፋውን ብድግ አድርጌ ከሥሩ ጣቴ በስንጥቁ እስኪገባ ድረስ ቆየ።

«ጣራውስ፣ ጌታዬ?» አልኳቸው ሲወጡ።

«ጣራው በዕቃ መዝገቡ ላይ የለም» አሉኝ።

ጎርፋውን በጋዜጣ ጠቅልዬ አዴ ሎኮ ቤት ሄድኩ። ቤቱ የሠርግ ቤት ነው፤ ሴቶች ይገባሉ ይወጣሉ፣ ጡሜ ጥግ ላይ ፀጉሯን ትሠራለች። አዴ ሎኮ ሲያዩኝ እልል አሉ። «ደረሰ! አላልኩም? ይሄ ልጅ ቃሉን አያጥፍም አላልኳችሁም?» እያሉ ጋዜጣውን ቀደዱት። እኔ ስለ ስንጥቁ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ስንጥቁን አላዩም። ክዳኑን አንሥተው ፊታቸውን ውስጡ አስገቡ። እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ቀና ሲሉ እልልታው አልነበረም።

«ልጄ፣ የእናቴ ሽታ የታለ?» አሉኝ።

«ከሥሩ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ አዴ ሎኮ። እኔ አሰፋዋለሁ፣ ሰው ፈልጌ…»

«ስንጥቁን እኔ እሰፋዋለሁ፤ እጅ አለኝ። እሱን አይደለም የምጠይቅህ። እናቴ በየቀኑ ታጥነው ነበር። እሷ ስትሞት እኔ በዚያው እንጨት፣ በላዩ ላይ አጠንኩ። ስትናፍቀኝ ይኼን ነበር የማሸተው። ጡሜም አያቷን አላየቻትም፤ በዚህ እንድታውቃት ነበር።» ጎርፋውን ወደ እኔ አስጠጉት። «አሽተው።»

አሸተትኩት። ዲዲቲ ይሸታል።

መዝገቡ ላይ የዚያን ጎርፋ ቁመት ጽፌ ነበር። ቀለሙን፣ የዛጎሉን ብዛት፣ የመጣበትን ቀን ጽፌ ነበር። የሽታ ቦታ የለውም መዝገቡ፤ ቢኖረውም እኔ አልሞላውም ነበር። በሰው ሠርግ ቤት ቆሜ አለቀስኩ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። አዴ ሎኮ አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ኖሮ፣ እንዳልኳችሁ፣ ስድብ ያልፋል። «ተቀመጥ፣ ወተት ጠጣ» አሉኝ ብቻ። ጡሜ ሠርጓ ሲደርስ በአክስቷ ጎርፋ ተዳረች።

በሠርጉ ማግስት መሰላል ተበድሬ፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚለውን ቆርቆሮ ከግድግዳው ነቅዬ ጣራ ላይ ወጣሁ። ትልቁ ቀዳዳ ላይ ቸነከርኩት። ጽሑፉን ወደ ሰማይ አዞርኩት፤ ዝናቡ ያንብብ። ዝናቡም እንደ ኦቦ ዋሪዮ ማንበብ አይችልም መሰለኝ፣ በሚስማሮቹ ቀዳዳ ገባ። ሠላሳ አራት ሆኑ።

ለሴቶቹም ቅዳሜ ቅዳሜ እንጨታቸውንና ቅቤያቸውን ይዘው እንዲመጡ አስነገርኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀድመው የመጡት አዴ ሎኮ ነበሩ፤ ፍም ይዘዋል። የሳቸው ዕቃ እዚያ እንደሌለ የረሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን በባዶው ሃያ ሦስት ቁጥር አጠገብ አልፈው፣ ባለቤቶቹ ወደ ዶሎ ርቀው የሄዱበትን አንድ የወተት ዕቃ አወረዱ።

«አዴ ሎኮ፣ እሱ የርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«የሰው እናት ነው» አሉኝና ማጠን ጀመሩ።

ጭሱ ቤቱን ሞላው። የሌሊት ወፎቹ ሳይቀሩ እየሳሉ ወጡ። እኔም ዓይኔን እየጠረግሁ ኪሴ ገባሁና ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልሮጡም።